የበዓል ፊልም፣ የመምህሩ ተስፋና ፊልሙ የሚዘልለው መንገድ
ከሮቤ፣ ከጎባና ከባሌ ደጋ አንጻር የቀረበ አስተያየት

መግቢያ

በኢትዮጵያ ስለ መምህራን ተስፋ ሲነሳ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በሁለት ጫፎች መካከል ይወጠራል። በአንዱ ጫፍ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የደረጃ ዕድገትና በአንድ ክፍል የሚታጨቀው የተማሪ ብዛት ይቆማሉ። በሌላው ጫፍ «መምህር ሻማ ነው፤ ራሱን አቅልጦ ለሌላው ያበራል» የሚለው የቆየ ውዳሴ ይቆማል። የመጀመሪያው ተስፋን ወደ ሒሳብ ያወርደዋል። ሁለተኛው ደግሞ መምህሩ ቀልጦ ማለቁን እንደ ክብር ይቆጥርለታል። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ይሁንና መምህሩ ትናንት የደከመበትን ክፍል ዛሬ ጠዋት እንደገና እንዲከፍት የሚያደርገው ምን እንደሆነ አንዳቸውም አያስረዱም።

መምህሩ ከክፍል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ሌላ ሕይወት አለው። በበዓል ቀን ቤተ ሰብ ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል። የጣቢያዎቹ የበዓል ልዩ ዝግጅት ቀልዱንና ዘፈኑን፣ ድራማውንና መጨረሻው የሚያምር ፊልሙን እያፈራረቀ ያቀርባል። ቴሌቪዥኑ የማይበቃው ወጣት መምህር በስልኩ ወይም በፍላሽ የተቀበለውን የህንድ ወይም የአሜሪካ ፊልም ይከፍታል። በሮቤም በጎባም፣ በእንቁጣጣሽም በኢድም፣ ይኸው ነው። ይህ ማታ በተለምዶ እንደ ተራ ጊዜ ማሳለፊያ ይቆጠራል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። ልብ የሚያሞቀው የበዓል ፊልም መምህሩ በሥራው ውስጥ ሊያየው የማይችለውን ፍሬ ለአፍታ ያሳየዋል፤ ጥቅሙ ይህ ነው። ወደዚያ ፍሬ የሚያደርሰውን ረጅም መንገድ ግን ይዘልለዋል፤ ጉዳቱም ይኸው ነው። ስለሆነም ፊልሙ የሚዘልቅ ተስፋ የሚሆነው የዘለለውን መንገድ መምህራኑ በጋራ መልሰው ሲሞሉት ብቻ ነው። ባሌም ለዚህ የሚሆን የራሷ በቂ ነገር አላት።

በዓልና የትምህርት ዘመን በባሌ ደጋ

የበዓል ፊልም የሚባለው ዘርፍ በአመዛኙ የተቀረጸው ትምህርት ቤቶች ለገና ለቀናት በሚዘጉባቸው አገሮች ነው። የኢትዮጵያ መምህር በዓል ከዚያ ይለያል። መስከረም 1 የሚውለው እንቁጣጣሽ የምዝገባና የክፍል ድልድል ግርግር ደጃፍ ላይ ይደርሳል። መስከረም 17 የመስቀል በዓል ሲከበር ትምህርት ገና መልክ እየያዘ ነው። ታኅሣሥ 29 የሚከበረው ገና የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በሚቃረብበት፣ መምህሩም በጥያቄ ዝግጅትና በውጤት መዝገብ በሚወጠርበት ጊዜ ይመጣል። ፋሲካ ሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት ይከፍለዋል። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚመሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደሙ የትምህርት ዘመኑን ከዳር እስከ ዳር ይዞራሉ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሚኖርባቸው በሮቤና በጎባ የአንዱ በዓል ለሌላው የጉብኝት ቀን ነው፤ ስለዚህ መምህሩ በዓመት ውስጥ ብዙ የበዓል ማታዎች አሉት፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው አጭር ናቸው። በማግሥቱ ጠመኔው ይጠብቀዋል።

በባሌ ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። አካባቢው በዓመት ሁለት የዝናብና የምርት ወቅቶች አሉት፤ ሕዝቡ በኦሮምኛ «ገና» እና «ቦና» ይላቸዋል። የልደት በዓል በሚከበርበት በታኅሣሥ መጨረሻ በሮቤ ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ የቦና ስንዴና ገብስ የሚታጨድበት፣ ኮምባይነር የሚንጎራጎርበት ጊዜ ነው። የገበሬው ልጅ ለአጨዳ ሲፈለግ የክፍሉ መቀመጫ ይሳሳል። እንግዲህ መምህሩ የበዓሉን ፊልም የሚያየው ደብተራቸው የተጓደለ ተማሪዎችን፣ ያልተጠናቀቀ ምዕራፍንና የሚመጣውን ፈተና በሐሳቡ ይዞ ነው። በደጁ ላይ ደግሞ የባሌ ሌሊት ውርጭ አለ። በፊልሙ የሚታየው በረዶ ለሮቤ ተመልካች እንግዳ ቢሆን እንኳ ብርዱ እንግዳ አይደለም።

ቁጥሩ የማያሳየው ሥራ

የመምህሩን ተስፋ የሚፈታተነው ድካሙ ብቻ አይደለም፤ የሥራው ውጤት የሚነገርበት መንገድም ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ይፋ ያደረጋቸው ቁጥሮች ይታወቃሉ። 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ደርሰው ነበር።

የፈተናው ጥብቅነት አስፈላጊ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ኩረጃን በመግታት ረገድም ያመጣው ለውጥ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ጆሮ ሲደርሱ ሌላ ትርጉም ይይዛሉ። ከ20 ከመቶ ተነሥቶ 45 ከመቶ የደረሰ ተማሪ በመዝገቡ ላይ «ያላለፈ» ነው። ከ48 ወደ 51 የተሻገረው ደግሞ «ያለፈ» ነው። የመጀመሪያው ተማሪ መምህር የሠራው ሥራ ከሁለተኛው መምህር ሥራ ሊበልጥ ይችላል፤ ይሁን እንጂ በዜናው ላይ ስፍራ የለውም። መምህሩ ፍሬ አላፈራም ከተባለ ደጋግሞ የሚሰማው ይህንኑ ነውና፣ ውሎ አድሮ እርሱም ይቀበለዋል።

ጉዳዩ የአንድ አካባቢ ብቻም አይደለም። ዩኔስኮ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ዓለም 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህራን እንደሚያስፈልጓት፣ ከእነዚህም 15 ሚሊዮኑ ከሰሃራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች እንደሆኑ ገምቷል። ከዚህ ጉድለት የሚበዛው ሥራውን ጥለው የሚሄዱትን ለመተካት የሚፈለግ ነው። ስለዚህ መምህሩን በሥራው ላይ የሚያቆየው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ የስሜት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታለፍ አይችልም።

ፊልሙ የሚሰጠው

የበዓል ፊልም ለመምህሩ የሚሰጠው የመጀመሪያ ነገር ዕረፍት ነው። የሥራ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሳቢነ ሶነንታግና ሻርሎተ ፍሪትዝ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ከሥራ ድካም ማገገምን በአራት ልምዶች ከፍለው አይተውታል፦ ሐሳብን ከሥራ መለየት፣ መዝናናት፣ አዲስ ነገር መቻልና የራስን ጊዜ በራስ ማዘዝ። የመምህርነት ሥራ ቤት ድረስ ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ የመልስ ወረቀቱም፣ የዕለት ዕቅዱም፣ የተማሪው ችግርም ከደጅ አይቀሩም። ለሁለት ሰዓት ያህል ሐሳብን ሙሉ በሙሉ የሚወስድ ታሪክ ከአራቱ ልምዶች ቢያንስ ሁለቱን ይሰጣል። ይህ ብቻ ቢሆን እንኳ የሚናቅ አይደለም።

ሁለተኛውና ጥልቁ ስጦታ ግን ሌላ ነው። ፍራንክ ካፕራ በ1946 እ.ኤ.አ. የሠራውና በአማርኛ «ድንቅ ሕይወት ነው» ሊባል የሚችለው የአሜሪካ ፊልም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ መምህር አይደለም። የመማርና ዓለምን የማየት ሕልሙን ትቶ በትንሽ ከተማ ውስጥ የአባቱን አነስተኛ የቤት ብድር ተቋም ሲያስተዳድር የኖረ ሰው ነው። በገና ዋዜማ ሕይወቱ ከንቱ እንደነበረ አምኖ ሊሞት ሲቃረብ፣ እርሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር ይታየዋል። በየመንገዱ የሚያገኘው ጉድለት ሁሉ እርሱ ሳያውቀው የሠራው ሥራ መለኪያ ይሆናል።

ይህ ጥያቄ ከማንም በላይ የመምህር ጥያቄ ነው። ሐኪም የዳነውን በሽተኛ ያያል፣ ግንበኛ የቆመውን ቤት ያያል። የአንደኛ ክፍል መምህርት ግን ፊደል ያስቆጠረችው ልጅ ከ20 ዓመት በኋላ በጎባ ሆስፒታል መድኃኒት ስታዘዝ ቆማ አታይም። ፊልሙ ይህን የማይታይ ነገር ለአንድ ማታ እንዲታይ ያደርገዋል። የ1995 እ.ኤ.አ.ው «የሚስተር ሆላንድ ኦፐስ»ም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በጊዜያዊነት የገባበት የሙዚቃ መምህርነት 30 ዓመት የወሰደበት ሰው፣ የትምህርት ዘርፉ በበጀት ምክንያት ሲዘጋ የቀድሞ ተማሪዎቹ ተሰብስበው እርሱ የደረሰውን ሙዚቃ ይጫወቱለታል።

የካፕራ ፊልም የራሱ ታሪክም ለመምህር የሚነግረው ነገር አለው። ሲወጣ ወጪውን አልመለሰም፤ ለዋና ሽልማቶች ቢታጭም አላሸነፈም። በ1974 እ.ኤ.አ. የቅጂ መብቱ ሳይታደስ በመቅረቱ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ያለ ክፍያ በየገናው ማሳየት ጀመሩ፤ ዛሬ የሚታወቅበትን ዝናም ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው። ሥራው በተሠራበትና ዋጋው በታወቀበት ጊዜ መካከል 28 ዓመት አለ። ይህ የፊልም ዕድሜ ሳይሆን የመምህር ዕድሜ ይመስላል።

ፊልሙ የሚዘልለው

እነዚህን ጥቅሞች ተቀብሎ እዚያው ላይ መቆም ግን አይቻልም። ልብ የሚያሞቀው ፊልም ሦስት ነገሮችን ይዘልላል።

አንደኛው ጊዜ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውና አሚር ካን ያዘጋጀው «ታሬ ዛሚን ፓር» ማንበብ የሚቸግረውን ልጅ አንድ የሥዕል መምህር እንዴት እንደደረሰለት ያሳያል። ፊልሙ ለመምህራን ትልቅ ዋጋ አለው፤ «ሰነፍ» የሚባለው ልጅ የንባብ ችግር ያለበት ሊሆን እንደሚችል ለብዙዎች አስተምሯል። ነገር ግን ልጁ ከመሳሳት ወደ ማንበብ የሚሻገረው በአንድ ዘፈን ርዝመት ነው። በክፍል ውስጥ ያ ዘፈን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት የሚናገረውን ጊዜ ፊልሙ በመቀስ ይቆርጠዋል። የባሌ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያጭዳል፤ የገናው ቢበላሽ የቦናውን ይጠብቃል። የመምህሩ አዝመራ ግን 15 እና 20 ዓመት ይወስዳል፤ ያውም በሌላ ሰው ማሳ ላይ ነው የሚታጨደው።

ሁለተኛው ባልደረባ ነው። በአብዛኞቹ የመምህር ፊልሞች ውስጥ ጀግናው አንድ ሰው ነው፤ ርእሰ መምህሩ እንቅፋት፣ ሌሎቹ መምህራን ደግሞ ግዴለሾች ሆነው ይቀርባሉ። በእውነተኛው ትምህርት ቤት አንድ ልጅ የሚያልፈው በብዙ እጆች ነው። የሰባተኛ ክፍሉ የሒሳብ መምህር የሚገነባው የአራተኛ ክፍሏ መምህርት ባቆመችው ላይ ነው። ብቸኛ ጀግናን ደጋግሞ ማየት «መምህር ሻማ ነው» የሚለውን አባባል በሌላ መልክ ያጸናዋል። ብቻውን የሚበራው ሻማ ቀድሞ ያልቃል።

ሦስተኛው ሥርዓት ነው። የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት፣ ያልደረሰ ደመወዝ፣ ከከተማ የራቀ ምደባ በፊልም ውስጥ የታሪኩ ማጣፈጫ ናቸው፤ በመልካም ፈቃድ ይታለፋሉ። በሕይወት ውስጥ ግን በጀት፣ መመሪያና ውሳኔ ይፈልጋሉ።

የእነዚህን ዝላዮች ጉዳት ለመረዳት የሥነ ልቦና ምሁሩ ቻርልስ ስናይደር ስለ ተስፋ የሰጠው ትንታኔ ይጠቅማል። በስናይደር አመለካከት ተስፋ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ሰው ወደ አንድ ግብ ለመሄድ ያለው ፈቃደ ኃይልና ወደ ግቡ የሚያደርሱ መንገዶችን የማየት ችሎታው ተጣምረው የሚሠሩት አስተሳሰብ ነው። አንዱ መንገድ ሲዘጋ ሌላውን መፈለግም የዚሁ ችሎታ አካል ነው። በዚህ ሚዛን የበዓል ፊልም ፈቃደ ኃይልን አብዝቶ ይሰጣል፤ መንገዱን ግን አይሰጥም። በፊልሙ የተነሳሳ መምህር በማግሥቱ 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ሲገባ፣ ትናንት ማታ በአንድ ዘፈን የተፈታው ችግር ዛሬ እንዳለ ይቆየዋል። ያን ጊዜ ጉድለቱ የፊልሙ ሳይሆን የራሱ ሊመስለው ይችላል። መጽናኛው ወደ ወቀሳ የሚለወጥበት ነጥብ ይህ ነው።

መንገዱን ያልደበቀ ፊልም

ሁሉም ፊልም እንዲህ አይደለም። የቡታን ተወላጁ ፓዎ ቾይኒንግ ዶርጂ በ2019 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀውና በ2022 እ.ኤ.አ. ለኦስካር የውጭ አገር ፊልም ሽልማት የታጨው «ሉናና» ለባሌ ደጋ መምህር ከሆሊውድ ይልቅ ይቀርባል። ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ዘፋኝ መሆን የሚመኝ አንድ ወጣት መምህር ለቀናት በእግር ተጉዞ በሚደረስበት የሂማላያ መንደር ይመደባል። ትምህርት ቤቱ ጥቁር ሰሌዳ እንኳ የለውም። ለማገዶ የሚሆነው የያክ ኩበት ነው። ወረቀት ሲያልቅበት የራሱን ክፍል መስኮት የሸፈነውን ወረቀት ገንጥሎ ለልጆቹ ይሰጣል።

ሰነቴ አምባን ተሻግሮ የሚያውቅ፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን ከሩቅ እያየ ወደ ምድብ ቦታው የተጓዘ መምህር ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ብርዱንም፣ ኩበቱንም፣ ከከብት ጥበቃ ወደ ክፍል የሚመጣውን ልጅም ያውቃቸዋል። ነገር ግን የፊልሙ ታላቅነት መመሳሰሉ ላይ አይደለም። መጨረሻው ላይ መምህሩ መንደሩን ለቅቆ ይሄዳል፤ ተመልካቹ የሚጠብቀው ተአምር አይፈጸምም። ፊልሙ ሙቀቱን ሳይነፍግ ዋጋውንም ይናገራል፦ ልጆቹ መምህር ይፈልጋሉ፣ መምህሩም የራሱ ሕልም አለው፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። በሩቅ ወረዳ ተመድቦ ዝውውር እየጠበቀ የሚያስተምር ሰው ይህን ሲያይ አይወቀስም፤ ሁኔታው የሚታወቅለት ሰው ይሆናል እንጂ። ልብ የሚያሞቅ ፊልም እውነቱን ሳይደብቅም ሊሠራ እንደሚችል «ሉናና» ያሳያል።

ስክሪኑና መምህሩ

እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ የትምህርት ታሪክ አንድ ነገር ማስታወስ ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ መምህር ከስክሪን ጋር ያለው ትውውቅ የመዝናኛ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው፣ ሁሉም «ፕላዝማ» ብሎ የሚያውቀው የሳተላይት ትምህርት የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ክፍል ወስዶ ለመምህሩ በመግቢያና በመደምደሚያ ላይ ጥቂት ደቂቃዎችን ብቻ ይተውለት ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይነጉዳል፤ ተማሪው ባይገባውም ፕላዝማው አይጠብቅም። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ውስጥ ከተመልካቾቹ አንዱ ሆነ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ስክሪን ለመምህር ጠላት ነው የሚል አይደለም። ማቆም የማይቻል ስክሪን ግን ሰውን ዝም እንዲል ያስተምረዋል። የበዓል ፊልም ከፕላዝማ የሚለየው ሊቆም በመቻሉ ነው። በዝላዩ ቦታ ላይ ተጭኖ «እዚህ ላይ የተቆረጠው ስንት ወር ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ተስፋን ከመጽናኛ የሚለየው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ባሌ ያላት ነገር

ፊልሙ የዘለለውን ለመሙላት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዓሉ ራሱ ይዞት ይመጣል። በበዓል ሰሞን የሮቤ መናኸሪያ ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማና ከሐዋሳ በሚመጡ ሰዎች ይሞላል። ከእነዚህ መካከል ትናንት በእነዚሁ ከተሞችና በዙሪያው ወረዳዎች የተማሩ አሉ፤ ዛሬ ነርስ፣ ነጋዴ፣ ሾፌር፣ የግብርና ባለሙያ ወይም ራሳቸው መምህር ሆነዋል። መንገድ ላይ «ቲቸር» ወይም «በርሲሳ» ብለው የሚያቆሙት መምህር በፊልሙ መጨረሻ ያየውን ትዕይንት በአካል ያገኛል። ልዩነቱ ይህ ሰው ስለ መንገዱም ሊናገር መቻሉ ነው፦ የትኛው መምህር ምን እንዳለው፣ የት ላይ እንደወደቀ፣ ማን እንዳነሳው፣ ስንት ዓመት እንደወሰደበት። ይህ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ሰላምታ ተለዋውጠው እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል።

እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል፤ ሦስት ነገሮች በቀላሉ ሊጀመሩ ይችላሉ። አንደኛ፣ ትምህርት ቤቶች ከበዓል በኋላ ባለው ሳምንት መምህራን አንድ ፊልም አብረው የሚያዩበትና በዝላዩ ቦታ እያቆሙ የሚወያዩበት ማታ ሊያዘጋጁ ይችላሉ። ዋናው ጥያቄ «ፊልሙ ጥሩ ነው ወይ» የሚል አይሆንም፤ «ይህ በእኛ ትምህርት ቤት ቢሆን ማን ማንን ያግዝ ነበር፣ ምን ይጎድል ነበር፣ ከማን ይጠየቅ ነበር» የሚል ነው። ሁለተኛ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አንድ መዝገብ ተቀምጦ ለበዓል የሚመለሱ የቀድሞ ተማሪዎች በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ የሚያስታውሱትን እንዲጽፉበት ማድረግ ይቻላል። ብሔራዊው ፈተና የማይመዘግበውን ውጤት ይህ መዝገብ ይይዘዋል። ሦስተኛ፣ በሮቤ ያለው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሠልጣኞቻቸው የመምህር ፊልሞችን እየተቹ እንዲያዩ፣ ከዚያም ስለ አካባቢያቸው መምህራን በስልክ ካሜራ አጫጭር ፊልሞች እንዲሠሩ ሊያበረታቱ ይችላሉ። የአሥር ደቂቃ የባሌ ፊልም ከሁለት ሰዓቱ የሆሊውድ ፊልም ይልቅ መንገዱን ሊያሳይ ይችላል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በዚህ ውስጥ ሊጠና የሚችል ርእስ አለ። ፊልምን ብቻቸውን ያዩ መምህራንና አብረው አይተው የተወያዩ መምህራን ከአንድ ወር በኋላ ባላቸው ተስፋ ይለያያሉ ወይ? የሚለያዩትስ በፈቃደ ኃይል ነው ወይስ መንገድ በማየት ችሎታ? የስናይደር መለኪያ ሁለቱን ለይቶ ስለሚመዝን ጥያቄው በሮቤና በጎባ ትምህርት ቤቶች፣ በአነስተኛ ወጪ፣ በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ሊፈተሽ የሚችል ነው።

መቃወሚያና ምላሽ

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሳው ጠንካራ ተቃውሞ ይታወቃል። የመምህሩ ችግር ኑሮ ነው፤ የቤት ኪራይ መክፈል ላልቻለ ሰው ፊልም ማሳየት ረኃብን በቀልድ እንደማስታገሥ ነው፤ ይባስ ብሎም የሚመለከታቸውን አካላት ከተጠያቂነት ያወጣቸዋል። ሎረን በርላንት በ2011 እ.ኤ.አ. በጻፈችው መጽሐፍ ሰው የሚጎዳውን ነገር ራሱን እንደ ተስፋ አጥብቆ ሊይዝ እንደሚችል አሳይታለች። የመምህሩ ተስፋ እንዲህ ዓይነት እንዳይሆን መስጋት ተገቢ ነው።

ተቃውሞው ከፊሉ ልክ ነው፤ ፊልም የደመወዝ ምትክ አይሆንም፣ ሊሆንም አይገባም። አንድ ተቋም የፊልም ማታ አዘጋጅቶ የመምህራኑን አቤቱታ ቢዘጋ የፊልሙ ማታ ባይኖር ይሻላል። ይሁን እንጂ ተስፋ ሁልጊዜ ሰውን ዝም ያሰኛል ማለት ስሕተት ነው። ፓውሎ ፍሬሬ «የተስፋ ትምህርት» በሚለው መጽሐፉ እንዳስረዳው ተስፋ ብቻውን ትግልን አያሸንፍም፤ ያለ ተስፋ ግን ትግሉ ራሱ አይጀመርም። ሥራው ፍሬ እንዳለው የሚያውቅ መምህር ለዚያ ፍሬ የሚያስፈልገውን መጽሐፍ፣ ወንበርና ደመወዝ ለመጠየቅ የሚያበቃ ምክንያት አለው። ሥራው ከንቱ እንደሆነ ያመነ መምህር ግን አይጠይቅም፤ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ይሄዳል።

ማጠቃለያ

የበዓል ፊልም ለባሌ መምህር የሚሰጠው ዕረፍትና የሥራውን ፍሬ ለአፍታ የማየት ዕድል ነው። የሚነሳው ደግሞ ጊዜውን፣ ባልደረባውንና ሥርዓቱን ነው። የሰጠውን መቀበልና የነሳውን መልሶ መሙላት ይገባል፤ መሙላቱም ለመምህሩ ብቻ የሚተው አይደለም። የትምህርት ቤቱ፣ የኮሌጁ፣ የዩኒቨርሲቲውና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ድርሻ በውስጡ አለ።

እንቁጣጣሽም ገናም ኢድም ተመልሰው ይመጣሉ፤ ቴሌቪዥኑም ይከፈታል። መጨረሻው ያማረ ታሪክ አይቶ በማግሥቱ ወደ ክፍል የሚገባው መምህር፣ ታሪኩ የዘለላቸውን ወራት አብሮት የሚቆጥርና የጎደለውንም አብሮት የሚጠይቅ ባልደረባ ካለው፣ ተስፋው ከበዓሉ ማግሥት ያልፋል።